ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣው ሕመም

ውፍረት በአገራችን የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ሆዱ የገፋ ሰው በመንገድ ሲያልፍ የሚያየው ሁሉ «ተመችቶታል» ይል ነበር እንጂ «ታሟል» የሚል አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጦ፥ ውፍረት የስኳርንና የደም ብዛትን የልብንም በሽታ የሚያስከትል መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ለማሳነስ ባሕር ማዶ ተሻግረው ወደ ህንድና ወደ ቱርክ አገር እስከ መሄድ ደርሰዋል። ይህ ሥራ ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከተቀደደ በኋላ ሕመሙ እንዲታገሥለት ሐኪሞቹ የሚያደርጉለት ጥንቃቄ ነው።

ጨጓራን የሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ኤድዋርድ ሜሰን በሚባል ሐኪም ከተጀመረ ወዲህ ሐኪሞች አንድ ጭንቅ አገኙ። እጅግ የወፈረ ሰው ሲተኛ ጕሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ሞርፊንና ሞርፊንን የሚመስሉ መድኀኒቶች ደግሞ ሕመምን ሲያጠፉ ትንፋሽንም ያዘገያሉ። ስለዚህ ለዚህ ሰው ሞርፊን አብዝቶ መስጠት ከሕመሙ አድኖ ነፍሱን እንደ ማሳጣት ሊሆን ነው። በአፍ የሚዋጥ ኪኒን እንዳይሰጡት፥ የተሰፋው ጨጓራ ገና ቍስል ነው፤ እንደ አይቡፕሮፌንና እንደ ዲክሎፌናክ ያሉትም በዚያው ስፌት ላይ ሌላ ቍስል ያወጣሉ ተብለው ይፈራሉ። ታዲያ መፍትሔው የተገኘው አንዱን መድኀኒት ከማብዛት ይልቅ ልዩ ልዩዎቹን በጥቂት በጥቂቱ አስተባብሮ በደም ሥር መስጠት ነው። ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ፤ ኬቶሮላክ ለጥቂት ቀን ብቻ፤ ዴክሳሜታዞን ቀዶው ሲጀመር አንድ ጊዜ፤ ኬታሚን ከማደንዘዣው መጠን እጅግ ባነሰ መጠን፤ በቍስሉም ጠርዝ ላይ ሥጋን የሚያደነዝዝ መርፌ። ሞርፊን የሚታከለው እነዚህ ሁሉ ሳይበቁ የቀሩ እንደ ሆነ ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ይህን የማስተባበር ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሌላው ቀዶ ሕክምና አስተምሮት ስለ ነበረ፥ ዛሬ ጨጓራው የተሰፋ ሰው በተቀደደበት ዕለት ማታ ከአልጋው ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ይታያል።

ይህን ስናነብ እንደ ተአምር ቈጠርነው። ቈይተን ግን መድኀኒቶቹን አንድ በአንድ ብንመለከታቸው አዲስ ነገር ብዙ አላገኘንባቸውም። ፓራሲታሞልን የማያውቅ ቤት የለም። ዴክሳሜታዞን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ ነው። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተገኘ ሲሆን፥ ትንፋሽን እንደ ሌላው ማደንዘዣ ስለማያደክም ብዙ መሣሪያ በሌለበት አገር የቀዶ ሐኪም መመኪያ ሆኖ ኖሯል፤ በአገራችንም የማደንዘዣ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ለባለጠጋው የጨጓራ ስፌት የበጀ ጥበብ ለመንጌዋ እናት የማሕፀን ስፌት የማይበጅበት ምክንያት ምንድር ነው?

መንጌ ስንል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን፥ ከአሶሳ ከተማ በስተ ሰሜን ያለችውን ወረዳ ማለታችን ነው። ሕዝቧ አብዛኛው በርታ ነው፤ በቤቱ ሩጣንኛ ይናገራል፥ በገበያና በጸሎት ቤቱ ዐረብኛ ይሰማል። አገሩ የወርቅ አገር ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል ጦር የሰደደው ስለ ወርቅና ስለ ባሪያ እንደ ነበረ የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይመሰክራሉ። እስከ ዛሬም ወንዱ ጕድጓድ ይቈፍራል፥ ሴቲቱም በወንዝ ዳር አፈሩን በገበቴ እያጠበች ወርቁን ትለያለች። ስለዚህ ጕድጓድ ተንዶበት አጥንቱ የተሰበረ፥ ሸክም አብዝቶ እርያ የወረደው፥ ምጥ የጠናባት ሴት፥ አንጀቱ የተቋጠረ ሰው ከዚያ አገር አይታጣም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ መንገዱ በሚያስኬድበት ወራት በአምቡላንስ ወይም በተገኘው መኪና፥ በማያስኬድበትም ወራት መኪና እስኪገኝ ድረስ በቃሬዛ ሆኖ ወደ አሶሳ ይላካል። ቀርከሃ የሞላበት አገር ስለ ሆነ ቃሬዛ መሥራት አይቸግርም። ከአሶሳም የበረታበት እንደ ሆነ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለው ሰው የሚቀደው ሳያገኝ ይሞት ነበር። ይህን ለማዳን መንግሥት የሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ባልደረሰበት ወረዳ ምጥን፥ እርያንና ድንገተኛ የሆድ ሕመምን በቀዶ የሚያክሙ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ ሲሠለጥኑ ቈይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016ም የጤና ሚኒስቴር ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ወደ ሕዝቡ ለማቅረብ አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥቷል። ስለት ወደ ገጠር መውረዱ ደስ ያሰኛል። የኛ አሳብ ግን ስለቱ የወረደውን ያህል ማስታገሻው አልወረደም የሚል ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሕመም እንዴት እንደሚመጣ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሥጋ ሲቈረጥ ቦታው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይግላል፥ ያምማል። እነዚህን አራቱን ምልክቶች ሴልሰስ የሚባለው የሮም ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ጽፏቸዋል። ምክንያቱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልተገለጠም ነበር። የእንግሊዙ ሊቅ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዳው፥ የተጎዳው ሥጋ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ይህም በቍስሉ ዙሪያ ያለውን ነርቭ ስለሚያስቈጣው ከዚያ በፊት የማያምመው መነካት ሁሉ የሚያምም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በንጹሕነቱ የተሠራው አስፕሪንና ከርሱ በኋላ የመጡት እነ ዲክሎፌናክ ይህን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ቬንም ስለዚሁ ሥራው ከሁለት የስዊድን ሊቃውንት ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

የሕመሙ መልእክት ከቍስሉ ተነሥቶ በነርቭ ወደ ኅብለ ሰረሰር፥ ከኅብለ ሰረሰርም ወደ አንጎል ይሄዳል። በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ በየኬላው እየተቀረጠ ሸክሙ እንደሚቀልበት ሁሉ፥ ይህም መልእክት በየበሩ ቢቀነስ አንጎል ዘንድ ሲደርስ የከበደ አይሆንም። ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን በቍስሉ ላይ፥ የማደንዘዣው መርፌ በነርቩ ላይ፥ ኬታሚን በኅብለ ሰረሰሩ ላይ፥ ፓራሲታሞልና ሞርፊን ይልቁንም በላይኛው በር ላይ ይቆማሉ። ከያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት መውሰድ ከአንዱ ብዙ ከመውሰድ የሚሻለው ስለዚህ ነው፤ የያንዳንዱ ጕዳት ያንሳል፥ ጥቅማቸው ግን ይደመራል።

በደም ሥር መስጠት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ሆዱ የተቀደደ ሰው አንጀቱ ለጊዜው ተኝቷል፤ የዋጠውን ያስመልሰዋል፥ ባያስመልሰውም ኪኒኑ ወደ ደም ሳይገባ በሆዱ ይቀመጣል። በደም ሥር የገባው ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። በጡንቻ የሚወጋው መርፌ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ራሱ ያምማል፥ አንዳንድ ጊዜም የመግል እባጭ ያስከትላል። ነገር ግን የገጠሩ ሰው ሁሉ፥ የከተማውም ሰው ቢሆን፥ «ጉሉኮስ ተተክሎለታል» የተባለ እንደ ሆነ የዳነ ይመስለዋል። የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻውን ሕመም አያስታግሥም። መድኀኒት ያልገባበት ጉሉኮስ ውሃና ጨው ወይም ውሃና ስኳር ነው፤ ቤተሰቡ ጠርሙሱን እያየ ሲጽናና ሕመምተኛው ጥርሱን ነክሶ ያድራል። ደግሞም በአፉ መዋጥ የቻለ ሰው ፓራሲታሞሉን በኪኒን ቢወስደው ብዙ ልዩነት የለውም፤ ዋጋውም እጅግ ይረክሳል። ስለዚህ መድኀኒቱ ሁሉ በደም ሥር ይሁን ብለን አንጮኽም። ሕመምተኛው ሲጮኽ ብቻ ከሚሰጠው ውድ መርፌ ይልቅ ሕመሙ ሳይነሣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጠው ርካሽ ኪኒን ይበልጣል።

ከክፉ ልማዳችን አንዱ «ቻል» የምትለው ቃል ናት። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች በፊደል ገበታ ፊት ስንገረፍ «አታልቅስ» እየተባልን ስለ ኖርን ይህችን ቃል ከሀሁ ጋር አብረን ተምረናታል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ሆስፒታል እርያዬን ተቀድጄ፥ በወገቤ የተሰጠኝ ማደንዘዣ ማታ በሦስት ሰዓት ግድም ሲለቀኝ፥ ሥጋዬ በጋለ ብረት የተያዘ መሰለኝ። የሌሊት ተረኛዋን ነርስ ብጠራት መጥታ፥ «አባቴ፥ ትልቅ ሰው አይደሉም ወይ? ይቻሉት እንጂ፤ እስኪነጋ ነው» አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሠላሳ የሚያህል ሕመምተኛ ብቻዋን ትጠብቅ ነበር፥ የመድኀኒቱም ሳጥን ቍልፍ ከርሷ ዘንድ አልነበረም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ከጎኔ የተኛው የገጠር ሰው ግን አንድ ቃል ሳይናገር ሌሊቱን ሁሉ የአልጋውን ብረት ጨብጦ አደረ። ጧት ሐኪሙ መጥቶ «እንዴት አደርክ?» ቢለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ በወረቀቱም ላይ ደኅና አድሯል ተብሎ ተጻፈበት።

ይህ የአንድ ሌሊት ወይም የአንድ ቤት ነገር አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተቀደዱ ሰዎች ላይ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከ10 ሰዎች ከ9 የሚበልጡት ከቀዶው በኋላ እንደ ታመሙ፥ አብዛኞቹም ለሕመማቸው የሚመጥን ማስታገሻ እንዳላገኙ አስረድቷል። ጅማ ትልቅ የትምህርት ሆስፒታል ነው። በዚያ እንዲህ ከሆነ ከዚያ በራቀው ስፍራ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢው ይገምት።

ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው የሚሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሲያምመው በጥልቅ አይተነፍስም፥ አክታውንም አይስልም፤ ስለዚህ ሳምባው በታች በኩል ተሟሽሾ ለሳምባ ምች ይጋለጣል። ከአልጋው ለመነሣት ስለሚፈራ ደም በእግሩ ሥር ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳምባ የሄደ እንደ ሆነ በድንገት ይገድላል። በማሕፀን ቀዶ የወለደች ሴት ልጇን አቅፋ ለማጥባት አትችልም። ከዚህም ሁሉ በላይ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያልታገሠ ሕመም ነርቭን አስለምዶት ቍስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት፥ ለአንዳንዱም ለዓመታት፥ ሳይለቅ ይቀራል። ወርቅ አጥቦ ለሚያድር ሰው ጎንበስ ብሎ መሥራት አለመቻል ምን ማለት እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ሞርፊን የተባለ እንደ ሆነ ነርሱም፥ ፋርማሲስቱም፥ የበላይ ኀላፊውም ይሸበራል። መዝገቡ፥ ቍልፉ፥ ፊርማው፥ ምርመራው ይታየዋል። ፍርሃቱ ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። በአሜሪካ አገር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሞርፊንን የሚመስሉ ኪኒኖች ያለ ልክ ስለ ተናኙ ብዙ ሕዝብ በሱስ ተይዞ አልቋል። ነገር ግን የኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ሪፖርት እንደሚገልጸው፥ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሚያህል የሞርፊን ወገን መድኀኒት ለድኾች አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በጐርፍ የሚሠጋ ሰውና በጥም የሚሞት ሰው አንድ ምክር አይሰጣቸውም። በቀዶ ሕክምና ማግስት ለሁለትና ለሦስት ቀን ሞርፊን በልኩ የተሰጠው ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንድ ነው፤ ትንፋሹ እንዳይዘገይ የሚቈጥርለት ሰው፥ ቢዘገይም የሚመልሰው ናሎክሶን የተባለው መድኀኒት በአጠገቡ መኖሩ ግን የግድ ነው። የሚቈጥር ሰው በሌለበት ሌሊት ሞርፊን ባይሰጥ እኛም አንፈርድም። ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ሳይሰጥ ማደሩ ነው የማይገባን፤ እነርሱ ትንፋሽ አያዘገዩም።

እነርሱም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ዲክሎፌናክና ኬቶሮላክ ኵላሊቱ ለደከመ፥ ደም ብዙ ለፈሰሰው፥ የጨጓራ ቍስል ላለበት ሰው አይስማሙም። ፓራሲታሞልም ለአዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበትን ያበላሻል፤ ሰውነቱ ለከሳማ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። በዚያ በቈላ አገር በላቡ ውሃ ጨርሶ፥ ደሙ ፈስሶ በቃሬዛ ለመጣ ሰው የሰውነቱን ውሃ ሳይመልሱ ዲክሎፌናክ መውጋት ኵላሊቱን መጕዳት ነው። ለዚህም ነው ስለ መድኀኒቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ስለሚሰጠውም ሰው ዕውቀት የምንናገረው።

ስለ መኖሩ ከተናገርን፥ የመድኀኒት አቅርቦት አገልግሎቱ በአሶሳ ቅርንጫፍ አለው፤ መጋዘኑ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን በሆስፒታል የታዘዘ ማስታገሻ ከቤቱ ፋርማሲ የታጣ እንደ ሆነ ለአስታማሚው ወረቀት ተጽፎ «ከውጭ ግዛ» የሚባለው ነገር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የወላድ ሕክምና በመንግሥት ቤት በነጻ እንዲሆን የታዘዘው ለዚህ አልነበረም። ከመንጌ ሚስቱን ይዞ የመጣ ሰው በአሶሳ ዘመድ የለው፥ ከተማውን አያውቅ፥ ለመኪና የከፈለውንም ገና አልመለሰ። ያን ወረቀት በኪሱ አጥፎ ይዞ በሆስፒታሉ ደጅ ሲቀመጥ፥ ሚስቱ በውስጥ ያለ ማስታገሻ ታድራለች። ምጡን ያራዘመው መንገድ ነው ብንል የሰው ጥፋት አይደለም ይባል ይሆናል፤ ይህኛውን ግን የሚጠይቀው መጠኑን አስቀድሞ አስቦ ማዘዝ ብቻ ነው። በዓመት የሚቀደደው ሰው ቍጥር በመዝገብ ይታወቃል። ለያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ፓራሲታሞል ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልገው በእጅ ጣት ቢቈጠር የሚወጣ ሒሳብ ነው። ጓንትና የመስፊያ ክር ሳይኖር ቀዶ እንደማይጀመር ሁሉ ማስታገሻው ሳይኖርም አይጀመር፥ ነፍስ ካላስቸኰለ በቀር።

ደግሞ አንድ ወጪ የሌለው ነገር አለ። ነርሶች ሙቀትን፥ የልብን ትርታ፥ ትንፋሽንና የደምን ግፊት በየጊዜው ለክተው በወረቀት ይጽፋሉ። ሕመም በሙቀት መለኪያ አይለካምና ይቀራል። ነገር ግን ሕመምተኛውን «ከዜሮ እስከ አሥር ብትቈጥረው ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ ቍጥሩን ከሙቀቱ አጠገብ መጻፍ ይቻላል፤ ፊደል ላልቈጠረ ሰው የሚስቅና የሚያለቅስ ፊት የተሣለበት ካርታ ማሳየት ይበቃል። የተጻፈ ነገር ጧት ለሐኪሙ ይታያል፥ ያልተጻፈ ግን ከሌሊቱ ጋር ያልፋል።

ይህ ጥያቄ በአማርኛ ብቻ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን ከንቱ ነው። ከመንጌ የመጣች ሴት «ያምሻል ወይ?» ብትባል፥ አማርኛ የማታውቅ እንደ ሆነ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ነርሱም እንደ ተመቸው ይተረጕመዋል። ሕመም የቱ ዘንድ እንዳለ፥ የሚወጋ ይሁን የሚያቃጥል፥ ስትስል ይበርታ ወይስ ዝም ብላ ተኝታም አይለቃት፥ ይህን ሁሉ ሰው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። በአሶሳ «ወጀዕ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል የማያውቅ ነርስ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚህ አንድ ቃል በኋላ ግን ውይይቱ ይቆማል። የክልሉ ጤና ቢሮ ሩጣንኛ ከሚናገሩት ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄዎችን በግእዝ ፊደል በአንድ ገጽ አስጽፎ በየአልጋው ራስጌ ቢሰቅል ወጪው የወረቀትና የቀለም ነው። ከዚያም በየሌሊቱ ተራ አንድ ሰው ይመደብ፤ በሦስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት፥ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላና ጎሕ ሳይቀድ፥ በየአልጋው እየቆመ ያን ገጽ ያንብብ፤ የመድኀኒቱም ሳጥን ቍልፍ በእጁ ይሁን።